የካርቱኑ ንጉሥ ቃል

[የምሳ ሰዓት። ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ከነፋስ ይልቅ ድምፅ የሚሰጥ የጣሪያ ማራገቢያ።]

ዘርአብሩክ፦ ካርቱን አይደለም ብዬሃለሁ። አኒሜሽን ነው።

ዱዎፕ፦ ተሥሎ ነው የሚንቀሳቀሰው?

ዘርአብሩክ፦ ነው።

ዱዎፕ፦ ሰውየው ከፎቅ ወድቆ፣ ቂጣ ሆኖ፣ ተመልሶ ይነሳል?

ዘርአብሩክ፦ ይነሳል። ግን የልጆቹ ካርቱን ሲነሳ ይስቃል፤ የአዋቂው ካርቱን ሲነሳ ስለ ቤት ኪራይ ያማርራል። ልዩነቱ እሱ ነው።

ዱዎፕ፦ [ጥቂት ያስብና] አሁን አንተም ካርቱን አልከው።

ዘርአብሩክ ይህን እንዳልሰማ አለፈው። የማይመቸውን አለመስማት ከብዙ ችሎታዎቹ አንዱ ነው። ከደጋ ወርዶ ጋምቤላ መኖር ከጀመረ ብዙ ክረምት አልፎታል፤ በመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነው። ባሮ ወንዝ ውስጥ እግሩን ነክሮ አያውቅም፤ የባሮን ዓሣ ጠባይ ግን ለዓሣ አጥማጆች ያስረዳል። ዲማን በዓይኑ አላየም፤ ከዲማ የመጣ ወርቅ ቆፋሪ ካገኘ ግን ቁጭ አድርጎ ወርቅ እንዴት እንደሚወጣ ያስተምረዋል። የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ የማያውቀው ነገር መኖሩን ብቻ ነው። በፊልም ነገር ደግሞ የሚደርስበት የለም።

ዱዎፕ የዚያው መሥሪያ ቤት የከብት ሐኪም ነው። የኑዌር ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አማርኛውን እንደ ጨዋ እንግዳ ከበር ላይ ቆሞ የሚናገር። ሳያስብ አይናገርም። ከዘርአብሩክ ጋር የተቀመጠ ሰው ደግሞ ማሰብ ከጀመረ ተራው አይደርሰውም። ስለዚህ ዘርአብሩክ በየሄደበት «ልቡ ንጹሕ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ቀስ ይላል» እያለ ለጓደኛው ያዝንለታል።

የሚያዝንለት በሌላም ምክንያት ነበር። ዱዎፕ ኛፑዎክ የምትባል አንዲት መምህርት ለማግባት ካሰበ ቆይቷል። እሷም ወዳዋለች። ችግሩ አባቷ በሕይወት የሉም፤ የእሺታውን ቃል መስጠት ያለበት ታላቅ ወንድሟ ሙዎች ነው፤ ሙዎች ደግሞ ያለው አሜሪካ፣ ኔብራስካ የሚሉት አገር ነው። ሙዎች ከልጅነቱ ጀምሮ ቁም ነገርን በቀልድ ጠቅልሎ ካልሆነ የማይሰጥ ሰው ነው ይላሉ። እናቱ በስልክ በጠየቁት ቁጥር «ቃሌን ተናግሬአለሁ፤ መንገድ ላይ ነው፤ ሲደርስ ትሰማላችሁ» እያለ ይስቃል። እናቱ ብርዱ ጭንቅላቱን ነክቶት ይሆናል ብለው ይጸልዩለት ጀመር። የዱዎፕን ስልክ ደግሞ ጭራሽ ማንሳት ትቷል።

ማንሳት የተወው ለምን እንደሆነ ከዘርአብሩክ በቀር የማያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ዱዎፕ ከሙዎች ጋር ሲነጋገር፣ ዘርአብሩክ «አምጣው፣ እኔ ላነጋግረው» ብሎ ስልኩን ተቀበለውና በረዶ ከደጃፍ እንዴት እንደሚዛቅ ከአካፋው አያያዝ ጀምሮ ለሙዎች አስረዳው። ዘርአብሩክ በረዶ ያየው በፊልም ነው። ሙዎች ሁለት ጊዜ «እሺ» አለ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ዘርአብሩክ ኔትወርኩን ረገመና፣ ጥሩ ወዳጅነት እንደ ጀመሩ ለዱዎፕ አበሰረው። እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሽማግሌ የሚላክ ዕለት ከፊት የሚቀመጠው እሱ እንደሚሆን ለብቻው ወስኗል።

እንግዲህ በዚያ የምሳ ሰዓት ዘርአብሩክ ገበያ መሃል ፊልም ከሚጭን ቤት በፍላሽ ያስጫነውን የአሜሪካ ካርቱን ከፈተ። ታሪኩ ፖምፍሪ ስለሚባል ራሰ በራ አባወራ ነው። ፖምፍሪ ለራሰ በራነቱ መድኃኒት ፍለጋ አፍሪካ ውስጥ ከፏፏቴ ጀርባ ወደ ተደበቀ መንግሥት ይሄዳል።

ዱዎፕ፦ ይሄ በሚበር ጎጆ ላይ የቆመ፣ የላባ ካባ የለበሰ፣ ማነው?

ዘርአብሩክ፦ የአገሩ ንጉሥ። ፓሮዲ ነው።

ዱዎፕ፦ ንጉሥ ፓሮዲ?

ዘርአብሩክ፦ ፓሮዲ ስሙ አይደለም፤ ሥራው ነው።

ዱዎፕ፦ ሥራው ንጉሥ አይደለም እንዴ?

ዘርአብሩክ፦ [በረጅሙ ይተነፍሳል] ስማኝ። እነዚያ ጭምብል አጥልቀው የሚበሩ፣ ዓለምን የሚያድኑ የፊልም ጀግኖች አሉ አይደል? ይሄ ካርቱን እነሱን እየመሰለ በእነሱ ያላግጣል። የአሜሪካ ፊልም አፍሪካን ሲሠራ ወርቅና ከበሮ ብቻ ነው የሚያሳየው። ካርቱኑ «ይኼውላችሁ፣ የእናንተ አፍሪካ» ብሎ አጋንኖ ይመልስላቸዋል።

ዱዎፕ፦ አገሩን ሳያውቁ ስለ አገሩ በሚያወሩ ሰዎች ላይ ነው የሚያላግጠው?

ዘርአብሩክ፦ በትክክል። አየህ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ይገባሃል።

[ንጉሡ ከሚበረው ጎጆ ይወርዳል። ከበሮ ይመታል። እጁን ዘርግቶ በባዕድ ቋንቋ ይናገራል። ዱዎፕ ሳቁ ያመልጠዋል፤ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ይደፋል።]

ዘርአብሩክ ፊልሙን አቆመው። ቅር ብሎታል። ሰው በስንት ነገር ሳይስቅ ቆይቶ፣ በፊልሙ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ሲገኝ እንዲህ ይሆናል?

ዘርአብሩክ፦ እዚህ ጋ አይሳቅም።

ዱዎፕ፦ ሰውየው እኮ...

ዘርአብሩክ፦ ከሥር የተጻፈውን አንብብ። «መንገደኛ ሆይ፣ ወርቅ እንደ በቆሎ ወደሚበቅልበት ምድር እንኳን ደህና መጣህ። አያቶቻችን በነፋስ ይናገራሉ።» ይሄ ያስቃል?

ዱዎፕ፦ የተጻፈው አያስቅም። እሱ የሚለው ግን...

ዘርአብሩክ፦ እሱ የሚለው የተጻፈውን ነው።

ዱዎፕ፦ አይደለም። እሱ የሚናገረው ኑዌ...

ዘርአብሩክ፦ ኖ ዌይ ብሎ ነገር የለም። ይሄ የፈጠራ ቋንቋ ነው። ለእንዲህ ያለ ፊልም ፕሮፌሰሮች ተቀምጠው ድምፅ ይቀምማሉ። ትርጉም እንዳይኖረው ተጠንቅቀው ነው የሚሠሩት።

ዱዎፕ፦ ትርጉም ከሌለው፣ ከሥር የተጻፈው የምኑ ትርጉም ነው?

ዘርአብሩክ፦ የትርጉም አልባነቱ።

ዱዎፕ አሰበ። ከዚያ ያን ቦታ እንዲደግምለት ጠየቀ። ዘርአብሩክ ደገመለት። ዱዎፕ እንደገና ጠየቀ። ደጋግመው ሲያዩት ዱዎፕ መሳቁን ተወ፤ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ፣ ንጉሡን ሳይሆን የንጉሡን ድምፅ የሚያይ ይመስል ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ቀና ሲል ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። ዘርአብሩክ ልቡ ተነካ። የአያቶች በነፋስ መናገር እንዲህ ያለውን ዝምተኛ ሰው ካስለቀሰ፣ እንግዲያው የኪነ ጥበብ ትንታኔው ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና፣ ጥበብ መጀመሪያ ያስቃል፣ ሲገባ ያስለቅሳል አለው። ዱዎፕ «ልክ ነው፤ ሁለቱንም ያደርጋል» ብሎ ተስማማ።

በዚያ ሳምንት ዘርአብሩክ የንጉሡን ንግግር በቃሉ ያዘው። ይህን አይችልም ማለት አይቻልም። ልጅ ሳለ ዲቁና ሲማር ግዕዙ ሳይገባው ዳዊት የደገመበት ጭንቅላት ነው፤ ትርጉም መንገድ አይዘጋበትም። ድምፁን ከነውጣ ውረዱ፣ እጁን እንደ ንጉሡ ከመዘርጋት እስከ መጨረሻው ደረት መምታት ድረስ፣ ሁሉን አጠና። በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሲለማመድ ዱዎፕ እንደ ተማሪ ከኋላው እየሄደ፣ የተሳተ ድምፅ ካለ ያርመው ነበር። ከፈጠራ ቋንቋ ውስጥ ስሕተት እንዴት ሊያገኝ እንደቻለ ዘርአብሩክ አልጠየቀም። ተማሪ መምህሩን መኮረጁ ነው ብሎ ደስ አለው።

ዓርብ ከሥራ ሲወጡ ዱዎፕ በሩ ላይ አቆመው።

ዱዎፕ፦ እሑድ ይሄን ንግግር ማን ሙዎች ፊት ትልልኛለህ?

ዘርአብሩክ፦ ማን ፊት?

ዱዎፕ፦ አዎ።

ዘርአብሩክ፦ ምኑን ነው አዎ የምትለው? ማን ፊት ነው?

ዱዎፕ፦ ማን ሙዎች ፊት።

ዘርአብሩክ፦ እኔ ነኝ የምጠይቅህ ወይስ አንተ? ሙዎች አሜሪካ ነው ያለው።

ዱዎፕ፦ ሙዎች አሜሪካ ነው። ማን ሙዎች እዚሁ ኒውላንድ ሰፈር ናት።

ዘርአብሩክ፦ ማን ናት ኒውላንድ ያለችው?

ዱዎፕ፦ [ደስ ብሎት] አዎ። እንዲያ በል። ገባህ።

ጥበቃው መዝጊያውን ይዞ ሲጠብቃቸው ቆይቶ፣ በመጨረሻ ዱዎፕ «ማን» በኑዌርኛ እናት ማለት መሆኑን፣ ሴትዮዋ በበኩር ልጃቸው ስም «ማን ሙዎች» ማለትም የሙዎች እናት ተብለው እንደሚጠሩ፣ ስማቸው ኛኪም ቢሆንም በኛኪም የሚጠራቸው ሰው እንደሌለ፣ ቀስ ብሎ አስረዳ። ዘርአብሩክ ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር፣ የጠየቀውም ሊፈትነው እንደሆነ ነገረው።

ዘርአብሩክ፦ ግን አንተ ራስህ ለምን አትነግራቸውም?

ዱዎፕ፦ እኔ የልጅቷን እናት ፊት ለፊት አላናግርም። በእኛ ነውር ነው። ሌላ ሰው አፍ ሊሆነኝ ይገባል።

ዘርአብሩክ፦ አፍ ከፈለግህ ትክክለኛው ሰው ዘንድ መጥተሃል።

ዱዎፕ፦ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ንጉሡ ያለውን ብቻ በል። ከራስህ አትጨምር።

ዘርአብሩክ፦ ትንሽ መግቢያ ብቻ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱ በባጃጅ ኒውላንድ ወረዱ። ሙቀቱ አስፋልቱን አልፎ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ዘርአብሩክ ግን ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሷል። የንጉሥ ቃል በሸሚዝ አይባልም። በግቢው ማንጎ ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ማን ሙዎች የመዘምራን ልብሳቸውን ሳይቀይሩ መሃል ተቀምጠዋል፤ በቀኛቸው የልጅቷ አጎት ጋሽ ኩዋኒ፣ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፤ ከዳር ጎረቤቶችና የቤተ ክርስቲያን ሴቶች። ኛፑዎክ በቤቱ መስኮት በኩል ትታያለች። ዱዎፕ ወደ ግቢው አልገባም፤ ከአጥሩ ውጪ፣ ጆሮው ብቻ ሊገባ በሚችልበት ርቀት ቆመ።

ጋሽ ኩዋኒ ጸሎት አደረጉ። ዘርአብሩክ ተነሳ። ትንሿ መግቢያ ከሥነ ሥዕል አጀማመር ተነሥታ፣ በአኒሜሽን ታሪክ አልፋ፣ የአሜሪካን የቴሌቪዥን ገበያ ቃኝታ፣ ሕዝብና ሕዝብ በጥበብ ስለ መቀራረቡ ተናግራ ቆመች። ጋሽ ኩዋኒ ወደ ማን ሙዎች ዞረው በኑዌርኛ ሁለት ቃል ተናገሩ።

ዘርአብሩክ፦ ያን ሁሉ በሁለት ቃል?

ኩዋኒ፦ ቋንቋችን ቆጣቢ ነው፣ አቶ ዘርአብሩክ። ይቀጥሉ።

[ዘርአብሩክ እጁን ይዘረጋል። ድምፁን ያወፍራል። የንጉሡን ንግግር ይጀምራል።]

ብዙ ቦታ ንግግር አድርጎ ያውቃል፤ ሰው እንዲህ ሲያዳምጠው ግን አይቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቃል የማን ሙዎች ራስ ቀና አለ። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ከዚያ ብድግ ብለው ቆሙ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፤ መስኮቱ ላይ የነበረችው ኛፑዎክ ከመስኮቱ ጠፍታ በበሩ ብቅ አለች። ዘርአብሩክ ላቡ በክራቫቱ ላይ እየወረደ፣ እንደ ንጉሡ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ንጉሡ ደረቱን እየመታ የመጨረሻውን አለ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ኩዋኒ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ተንሸራተው ወደቁ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ማን ሙዎች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ይስቁ ይሁን ያልቅሱ ሳይለይ፣ በጣታቸው «እንደገና» የሚል ምልክት አሳዩት።

ዘርአብሩክ ይህን ሕዝብ ወደደው። ኪነ ጥበብ ገብቶታል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አሳመረው፤ ደረቱንም አብዝቶ መታ። ሲጨርስ እንደ ተዋናይ እጅ ነሣና ተቀመጠ።

ዘርአብሩክ፦ ንግግሩ ይህን ያህል ሰው ይነካል ብዬ አልገመትኩም። የፈጠራ ቋንቋ ሆኖ ሳለ።

ኩዋኒ፦ [ወንበራቸውን እያነሱ] እርስዎ ያሉትን በአማርኛ ልንገርዎት?

ዘርአብሩክ፦ ትርጉም እንኳ የለውም።

ኩዋኒ፦ ትንሽ አለው። እንዲህ ነው ያሉት። «እናቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እኔ ልጅሽ ሙዎች ነኝ። እነዚህ ሰዎች፣ የሚሰማህ የለም፣ በቋንቋህ የፈለግኸውን በል ብለውኛል። ከጠዋት ጀምሮ ጠባብ ክፍል ውስጥ አቁመውኛል፤ ርቦኛል። እኅቴን ኛፑዎክን ለዱዎፕ ስጡ። ዱዎፕ ከመናገሩ በፊት የሚያስብ ሰው ነው። ወድጄአለሁ፣ መርቄአለሁ።»

ዘርአብሩክ ዞሮ ወደ አጥሩ አየ። የዱዎፕ ራስ ከአጥሩ በላይ ይታያል፤ ወደ ሰማይ እያየ ነው። መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ቀጥሎ ገባውና ደነገጠ። ከዚያ ድንጋጤው ወደ ኩራት ተለወጠ፤ በመላው ጋምቤላ ይህን ቃል ለማድረስ የተመረጠው አንደበት የእሱ ነበርና።

ዘርአብሩክ፦ እንግዲያው ምርቃቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ኩዋኒ፦ እርስዎ ነዎት። ግን አልጨረስኩም። ደረትዎን ሲመቱ ያሉት ቀርቷል።

ዘርአብሩክ፦ እሱ ዋናው ነው። ምን አልኩ?

ኩዋኒ፦ «ያ ስልክ ተቀብሎ በረዶ አዛዛቅ ያስተማረኝ ጓደኛው ግን ሽማግሌ ሆኖ ግቢያችን እንዳይገባ። አደራ። ከገባ አይጨርስም።»

[ዘርአብሩክ አሁንም ደረቱ ላይ የነበረችውን እጁን ቀስ ብሎ ያወርዳል።]

ዘርአብሩክ፦ ...በረዶ የሚዛቀው ግን እንዳልኩት ነው።

ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። የእንጨቱ አጥር በመካከላቸው ነው። ፊቱ የቀላው ከሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ በኮሪደሩ የተለማመደው፣ ዱዎፕ ከኋላ እየተከተለ ድምፁን ያረመለት፣ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣበት።

ዘርአብሩክ፦ ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር።

ዱዎፕ፦ ድምፁን ስሰማ አወቅሁ። መጀመሪያ ርቦኛል ሲል ሳቅሁ። ቀጥሎ ስለ እኔ ሲል አለቀስኩ።

ዘርአብሩክ፦ ታዲያ አትነግረኝም?

ዱዎፕ፦ ጀምሬ ነበር።

ዘርአብሩክ፦ ላፕቶፑን ይዘህ መጥተህ ማሳየት ትችል ነበር። እኔን በሰው ፊት...

ዱዎፕ፦ ያኔም ሽማግሌ ሆነህ ትመጣ ነበር። አትምጣ ብልህ ትሰማኝ ነበር?

ዘርአብሩክ የአጥሩን እንጨት ያዘ።

ዱዎፕ፦ እኔ ስናገር አትሰማም። አንተ ስትናገር ግን ትሰማለህ። ስለዚህ አንተው እንድትለው አደረግሁ። ይቅርታ።

ይህን የሚያህል ረጅም ንግግር ከዱዎፕ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ዘርአብሩክ አላቋረጠውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ቀስ የሚል ጭንቅላት የት ድረስ ሄዶ ሲጠብቀው እንደቆየ ታየው። ክራቫቱን ፈታና፣ ሊሄድ ወደ መውጫው አመራ።

ማን ሙዎች ግን ጠሩት። በኑዌርኛ ተናገሩ፤ ጋሽ ኩዋኒም ይህን ጊዜ አላሳጠሩትም።

ኩዋኒ፦ እንዲህ ትላለች። ልጄ ሰውየው ግቢ እንዳይገባ ብሏል፤ ሰውየው ግን ገብቷል። የልጄን ቃል ተሸክሞ ያመጣልኝን ሰው ከደጄ አላባርርም። ሽማግሌ ይሁን። ነገር ግን የልጄም ቃል ይከበር። በሽምግልናው ቀን በእኛ ቋንቋ ብቻ ይናገር።

ይህን ፍርድ ግቢው እንደገና በእልልታ ተቀበለው። ዘርአብሩክም ተቀበለው፤ ምን ሊያደርግ። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበለት። ስለ ባሮ ዓሣ አጠባበስ ሊናገር ከንፈሩ ሲከፈት ሁሉም ዞረው አዩት፤ በዚያው ጎረሰ።

ማታውን ሙዎች ደወለ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ወደሚሠራበት የሥጋ ፋብሪካ፣ ለካርቱን ወፍራም የአፍሪካ ድምፅ የሚፈልጉ ሰዎች መጡ። በሰጡት ወረቀት ላይ የእሱ ክፍል «በአፍሪካ ቋንቋ ይናገራል» ብቻ ይላል። የትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ልዩነት የለውም አሉት። አፍሪካን በማያውቁ ሰዎች ላይ የሚያላግጠው ካርቱን፣ ሙዎች ምን እንደተናገረ አንድም ሰው ሳይጠይቀው፣ ምሳውን አብልቶ ሸኘው።

ሽማግሌዎች የተላኩት መስከረም ሲጠባ ነው። የዱዎፕ ወገኖች ከገጠር መጡ፤ ዘርአብሩክ ከመካከላቸው ተቀመጠ። ከኑዌርኛ ሲገናኙም ሲለያዩም ከሚባለው፣ «ሰላም» ማለት ከሆነው ከ«ማሌ» በቀር የሚያውቀው ቢኖር ያው የንጉሡ ንግግር ነው፤ እሱን ደግሞ ከዚያ እሑድ ወዲህ በሕልሙም ሊለው አይፈልግም። የሚባለውን አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ በአማርኛ ያንሾካሹክለታል። በምኑም በምኑም ተስማሙ። ሠርጉ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሁን የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ከረረ። የልጅቷ ወገን የእኛ ካልሆነ አሉ፤ የወንዱ ወገን የእኛ ካልሆነ አሉ። ድሮ የተረሳ ቂም ሁሉ እየተጠራ መጣ። አንዱ ሽማግሌ በትሩን አንሥቶ ሊሄድ ተነሣ። ከአጥሩ ውጪ የዱዎፕ ራስ ወደ ታች አቀረቀረ።

ዘርአብሩክ ሊፈነዳ ደርሷል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚናገረው፣ ከሐዋርያት ዘመን የሚጀምር፣ ጉሮሮው ላይ ተደርድሮ ቆሟል። መናገር አይችልም። ዝም ማለትም ከዚህ በላይ አይችልም። በመጨረሻ ወስኖ ብድግ አለ። ግቢው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ዘርአብሩክ፦ ማሌ።

[በትሩን ያነሣው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል።]

ኩዋኒ፦ ሰላም ይበልጣል እያሉን ነው። ብናፍርበትም እውነታቸውን ነው። እኛ ስንጯጯህ እንግዳው በአንድ ቃል ገሠጸን።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልፈጀም። ቃል ኪዳኑ በልጅቷ ቤተ ክርስቲያን፣ ምርቃቱና ዝማሬው በወንዱ እንዲሆን ተስማሙ። ማን ሙዎች ተነሥተው ዘርአብሩክን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ዛሬ ኒውላንድ ውስጥ ስሙ ሲነሣ «ያ ጥቂት ተናጋሪው ደገኛ» ነው የሚባለው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ የሚያስጠሩት ሰዎች አሉ።

[ባጃጅ ውስጥ። ወደ ከተማ መሃል ሲመለሱ። ዱዎፕ ፈገግ ብሎ ወንዙን ያያል።]

ዱዎፕ፦ አመሰግናለሁ። እኔ አስቤ አስቤ እንኳ ያን ቃል አላገኘውም ነበር።

ዘርአብሩክ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ዱዎፕ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?

ዱዎፕ፦ ንገረኝ።

ዘርአብሩክ፦ ማሌ ያልኩት ልሰናበታቸው ነበር። ዝም ብሎ መቀመጡን ስላልቻልኩ፣ ደህና ዋሉ ብዬ ልወጣ ነው የተነሣሁት።

ዱዎፕ፦ [ድልድዩን እስኪሻገሩ ያስባል] ይሄን ለማንም አትንገር።

ዘርአብሩክ ለማንም እንደማይናገር በእናቱ ስም ማለ። እኛም የሰማነው ከራሱ ነው።